ኮንሰርቱን ወልድያ የሚያደርሰው ማን ነው?

ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ ወልድያ የሚሄድ መንገደኛ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ሐይቅን፣ ውጫሌንና ውርጌሳን ካለፈ በኋላ የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ትቀበለዋለች፤ ወልድያ ከዚያ ወዲያ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነች። አገሩ ለሙዚቃ ባዕድ አይደለም። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። በጥር 2009 ዓ.ም. ደግሞ በሼክ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ስም የተሰየመና ከ25 ሺሕ በላይ ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም ወልድያ ላይ ተመርቋል። የቦታ ጥበት ከዚያ ወዲህ ሰበብ ሊሆን አይችልም ነበር። ታዲያ ታዋቂ ዘፋኝ ባንዱን ይዞ ወደዚያ ይሂድ ወይስ ይቅር የሚለውን የሚወስነው ማን ነው? አድማጩ ነው ብንል ደስ ባለን። እስካሁን ያየነው ግን አድማጩ በመጨረሻ የሚጠየቅ ሰው መሆኑን ነው።

ሒሳቡን እንመልከት። ባንድ ሲነሳ የድምፅ መሣሪያና መብራት የጫነ መኪና፣ ጄኔሬተር፣ መድረክ፣ የሙዚቀኞች አበልና አልጋ፣ የጥበቃ ክፍያ አብሮ ይነሳል። ይህ ወጪ በአብዛኛው ከዝግጅቱ በፊት የሚከፈል ሲሆን፣ የቲኬቱ ገንዘብ የሚገኘው ግን በር ላይ ነው። የመግቢያውን ዋጋ ደግሞ የክፍለ ሀገር ነዋሪ ኪስ ይወስነዋል። ጉድለቱን ሌላ ሰው መሙላት አለበት። በደርግ ዘመን የሚሞላው መንግሥት ነበር፤ እነ ማሪቱ ለገሰ የነበሩበት የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ዋጋውም በመፈክር ይከፈል ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ደጓሚ ቢራ ነው።

የቢራ ድጎማ ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ ለማወቅ 2006 ዓ.ም.ን ማስታወስ ይበቃል። የቴዲ አፍሮ «ወደ ፍቅር ጉዞ» በተለያዩ ከተሞች ሊካሄድ ታቅዶ፣ ስፖንሰሩ የሄኒከን ንብረት የሆነው በደሌ ቢራ ነበር። ዘፋኙ ስለ አፄ ምኒልክ ዘመቻ ተናገረው የተባለ፣ እርሱ ግን አላልኩም ያለው ቃል ተሰራጨ። ቢራው እንዳይጠጣ የሚጠይቅ ዘመቻ በኢንተርኔት ተቀጣጠለ፤ ብዙም ሳይቆይ ኩባንያው ከስምምነቱ ወጣ። ኩባንያው ንግዱን መጠበቁ አያስወቅሰውም። የሚያሳዝነው ጉዞው ከቢራው ሌላ የሚቆምበት እግር ያልነበረው መሆኑ ነው። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ ደግሞ፣ አንድን ኮንሰርት በአየር ላይ ከቢራ ስም ጋር እያጣመሩ የማስተዋወቁ ልማድ አብሮ ተነካ።

ሁለተኛው ወሳኝ የፈቃድ ደብዳቤ ነው። በነሐሴ 2009 ዓ.ም. መጨረሻ የዚሁ ዘፋኝ «ኢትዮጵያ» አልበም ምረቃ ሂልተን ሆቴል ሊካሄድ ሲል በፖሊስ ተከለከለ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለዚህ ዓይነቱ ቀን አልተኛም። ቁጥር 1793 የመንግሥት ክልከላን ከአቅም በላይ ከሆኑ ምክንያቶች መካከል ስለሚቆጥረው፣ ዘፋኙ ባለመዝፈኑ ካሳ አይከፍልም። በቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ሁለቱም ሳይተዉ ሦስተኛ ወገን ቢከለክላቸውስ? ፖስተሩ ተለጥፏል፣ መኪናው ደሴ ደርሷል፣ የመድረክ ሠራተኛው ይቆጥራል። ይህን ኪሳራ ማን ምን ያህል እንደሚሸከም ውሉ አስቀድሞ ካልተናገረ፣ ሁሉም ፕሮሞተሩ ላይ ይወድቃል፤ እርሱም ሁለተኛ ከአዲስ አበባ አይወጣም።

የመንገዱ ጉዳይ ደግሞ ከውል በላይ ነው። ጥር 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የቴዲ አፍሮ ኮንሰርት ተካሄደ። በዋዜማው፣ በቃና ዘገሊላ፣ ወልድያ ላይ የጸጥታ ኃይሎች በከፈቱት ተኩስ ሰዎች ሞተዋል። በአንድ ክልል አንዱ ከተማ መድረክ ሲተክል ሌላው ሬሳ ያነሳ ነበር። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በጦርነቱ እጅ ወደቀች፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልሉ ግጭት ምክንያት የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም አስር ወር ቆየ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ኮንሰርት ማውራት ቅንጦት ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። ይሁን እንጂ የቲኬት ቆራጩ፣ የመድረክ ሠራተኛውና የአልጋ ቤቱ ባለቤት ገቢም በዚያው መንገድ የሚመጣ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ካናቴራው ነው። ታዋቂ ዘፋኝ በደረሰበት ሁሉ ፊቱ የታተመበት ካናቴራና ፖስተር በር ላይ ይሸጣል፤ ለባንዱ አንድ ሳንቲም አይደርስም። በውጭ አገር ሙዚቀኛ ሸቀጡን በራሱ ጠረጴዛ ላይ ይሸጣል፤ አንዳንዱ ከቲኬቱ ይልቅ በሸቀጡ ነው ነዳጅ የሚሞላው። የእኛዎቹ ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካን ሲዞሩ ተመልካቻቸው ጥቂት ስደተኛ ነበር፤ ከዚያው የቀረው ኃይሉ መርጊያ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። እ.ኤ.አ. በ2013 የ1985 ካሴቱ እንደገና ታትሞ ለገበያ ሲወጣ ነው ዓለምን መዞር የጀመረው። ሸቀጡ ጉዞውን ወለደ ማለት ነው።

ሕጉ እዚህም ዝም አላለም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል። ቁጥር 28 ግን ሰውየው በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ከሆነ ፈቃድ ላያስፈልግ እንደሚችል ይናገራል። ካናቴራ ሻጩ በዚህች ቀዳዳ ሊያመልጥ ይችላል? በእኔ አስተያየት አይችልም። ዝና የጋዜጣ ፎቶግራፍን ያጸድቃል፤ የሌላውን ፊት ቸርችሮ ማትረፍን ግን አያጸድቅም። ቁጥር 29ም ሻጩ ያገኘውን ጥቅም ያህል ካሳ እስከማስከፈል ይደርሳል።

ይህን ስል የመርሳን ጎረምሳ በፖሊስ አሳድዱ ማለቴ አይደለም። እርሱ ጥሩ ሻጭ ነው። ዘፋኙ ወይም ባንዱ ስሙን በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ያስመዝግብ፤ ምዝገባው ለሰባት ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳልም። ካናቴራውን ራሱ ያሳትምና መኪናው ሳይነሳ ለመርሳና ለወልድያ ልጆች በኮሚሽን ያስረክብ፤ የድርሻው መጠንም ከቀብዱ ጋር በአንድ ውል ላይ ይጻፍ።