ተራራው በኮምፒዩተር ከመዞሩ በፊት

የሁለት ተለዋዋጮች ካልኩለስ ብዙውን ጊዜ ከሰሌዳ ጀምሮ ሰሌዳ ላይ ያልቃል። ተማሪው አንዱን ተለዋዋጭ እንደ ቋሚ ቁጥር ቆጥሮ የሌላውን ዴሪቬቲቭ ማውጣትን በአጭር ጊዜ ይለማመዳል፤ ያገኘው ቁጥር ምን እንደሚናገር ሲጠየቅ ግን መልስ ያጥረዋል። ይህን ጉድለት ለመሙላት እንደ ጂኦጀብራ ባሉ የግራፍ ሶፍትዌሮች ላይ ተስፋ ተጥሏል። ተስፋው ተገቢ ነው። ይሁንና በዚህ ጸሐፊ እምነት ሶፍትዌሩ በእርግጥ የሚያስተምረው ተማሪው አስቀድሞ በእርሳስ አስልቶ ግምቱን ከጻፈ በኋላ ሲከፈት ነው።

ለምሳሌ ሩቅ መሄድ አያሻም። ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ደባርቅ የሚደርሰው መንገድ በደጋው ላይ ይጓዝና ከደባርቅ ባሻገር ሊማሊሞ ላይ ወደ ዛሪማ ቆላ ይወርዳል። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1936–1941) የተሠራው የሊማሊሞ መንገድ ቁልቁለቱን የሚወርደው በቀጥታ ሳይሆን ደጋግሞ እየተጠማዘዘ ነው። ለምን? መልሱ ያለው በዳይሬክሽናል ዴሪቬቲቭ ውስጥ ነው።

ለስሌት እንዲመች አንድ ተዳፋት በሐሳባችን እንሣል። ወደ ምሥራቅ በተጓዝን በእያንዳንዱ ሜትር ከፍታው 0.3 ሜትር፣ ወደ ሰሜን ደግሞ 0.4 ሜትር ይጨምራል እንበል። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ፓርሻል ዴሪቬቲቮች ናቸው። መንገደኛ ግን በምሥራቅና በሰሜን ብቻ አይሄድም። ሁለቱን አጣምሮ የያዘው ቬክተር ግራዲየንት ይባላል፤ እጅግ ቀጥ ያለው ዳገት ወዴት እንዳለ ያመለክታል፤ ርዝመቱም በፓይታጎረስ ሕግ 0.5 ነው። በሌላ አቅጣጫ የሚገኘው ዝንባሌ 0.5 በመካከላቸው ባለው ማዕዘን ኮሳይን ሲባዛ ይገኛል።

እንግዲህ መሐንዲሱ የመንገዱ ዝንባሌ ከ0.1 እንዳይበልጥ ቢፈልግ ኮሳይኑ ከ0.2 መብለጥ የለበትም፤ ማዕዘኑም ቢያንስ 78 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ስለዚህ መንገዱ ወደ አግድም መጠጋት ግድ ይሆንበታል። 1,000 ሜትር ለመውረድ በአግድም ሲለካ 2 ኪሎ ሜትር ይበቃ የነበረው ጉዞ 10 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ሲሞላ ዝንባሌው ዜሮ ነው፤ ይህም የኮንቱር መስመር ነው። ገበሬው ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ እንዳይወስድበት እርከን የሚሠራው ይህንኑ መስመር ተከትሎ ነው።

ይህን ያሰላ ተማሪ ጂኦጀብራን ቢከፍትና አቅጣጫውን በማውዝ ቢያዞር፣ ዝንባሌው ከ0.5 ተነሥቶ በዜሮ አልፎ ወደ አሉታዊ 0.5 ሲወርድ ያያል፤ የሚያየውንም ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ሶፍትዌሩ ባለ ሦስት አውታር ሥዕል ይሠራል፤ ኮምፒዩተሩ ላይ ከተጫነም ያለ ኢንተርኔት ያገለግላል።

ሳያሰላ ሥዕሉን ለሚያዞር ግን ስክሪኑ ሊያሳስተው ይችላል። የከፍታው ስኬል ተለይቶ ሲለጠጥ የዳባት ሜዳ እንኳ ገደል ይመስላል። ከዚህ የከፋም አለ። የሁለት ተለዋዋጮች ብዜት ለካሬዎቻቸው ድምር ሲካፈል የሚገኘውን ፈንክሽን እንውሰድ፤ በመነሻው ነጥብ ዋጋው ዜሮ ይሁን። እዚያ ሁለቱም ፓርሻል ዴሪቬቲቮች ዜሮ ናቸው፤ ሜዳ ይመስላል። በ45 ዲግሪ መስመር ግን ምንም ያህል ወደ መነሻው ብንጠጋ ዋጋው 0.5 ነው። ሶፍትዌሩ ነጥቦችን አያይዞ ስለሚሥል ይህን ስንጥቅ እንደ ተራ እጥፋት ሊያሳየው ይችላል፤ ስንጥቁን የሚያጋልጠው እርሳስ ነው።

ኮምፒዩተር የሌለው ክፍልም ቢሆን ከዚህ ትምህርት አይጎድልበትም፤ የኮንቱር ካርታና ማስመሪያ ለመጀመሪያው እርምጃ በቂ ናቸው። ስለዚህ መምህራን በቅድሚያ ካርታውን፣ ቀጥሎ ግምቱን፣ በመጨረሻም ስክሪኑን ቢያስከትሉ ተማሪው ቀመር ሸምዳጅ ከመሆን ይድናል፤ ነገ መንገድ ሲቀይስ ወይም እርከን ሲያስምርም ቁጥሩ የሚናገረውን ያደምጣል።