ባዶነት ሁሉ አንድ አይደለም

ቡድሂስቶች «ምንም ነገር የለም» ብለው ያምናሉ ሲባል በየስብከቱ እንሰማለን። እንዲህ አይሉም፤ ያላሉትን እየሞገትን እውነትን ማገልገል ደግሞ አንችልም። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ በሕንድ የኖረው ናጋርጁና ያስተማረው ሹንያታ፣ ማለትም ባዶነት፣ በራሱ የቆመ ነገር የለም ማለት ነው። ሠረገላን መንኰራኵሩን፣ ዘንጉንና ሳንቃውን ብታነሡለት ለብቻው የሚቀር «ሠረገላ» አታገኙም። «እኔ» የምንለውም እንደዚያው የልማድ ስም ነው ይላሉ። በተመስጦ ይህን ያስተዋለ ሰው ሙጥኝ ማለቱን ይተዋል፤ ሥቃዩም አብሮ ይለቀዋል። ባዶነትንም ራሱን ሙጥኝ አትበሉት ብለው ያስጠነቅቃሉ።

ፍጥረት በራሱ እንደማይቆም እኛም እናምናለን። ታዲያ በማን ቆመ? ናጋርጁና ነገሮች እርስ በርስ ሲደጋገፉ ያያል እንጂ ደጋፊ ፈጣሪን አያይም። መለያያችን እዚህ ላይ ነው።

ጃፓናዊው ፈላስፋ ማሳዎ አቤ በፊልጵስዩስ 2 ላይ ተመሥርቶ፣ ራሱን ባዶ ያደረገው ወልድ ብቻ ሳይሆን እግዚአብሔር አብም ጭምር መሆን አለበት ሲል ተከራክሯል። ሙግቱ ከክርስቲያንና ከአይሁድ ምሁራን ምላሽ ጋር በ1990 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ወጥቷል። ንባቡ ብርቱ ነው፤ ጳውሎስ ያለው ግን እርሱን አይደለም። ጌታ ክብሩን ተወ እንጂ ማንነቱን አልተወም። ባሪያ የሆነው፣ የተሰቀለው፣ አብም ከፍ ያደረገው ያው አንድ ወልድ ነው። ራስ የሌለውማ ራሱን እንዴት ይሰጣል?

ነገሩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ የሚመስለው ለቅሶ ቤት እስክንገባ ነው። ልጇ የሞተባት ኪሳ ጎታሚ መድኃኒት ስትለምን፣ ቡድሃ ሰው ካልሞተበት ቤት የሰናፍጭ ፍሬ አምጪ ብሎ እንደላካት ይተረካል። ደጅ ለደጅ ዞረች፤ ሞት ያልገባበት ቤት አጣች፤ ልጇንም አሳረፈች። ታሪኩ ርኅራኄ አለው። እኛስ ለቅሶ ላይ «የሁላችንም ዕጣ ነው» እንል የለ? በናይን በር ግን ጌታ ለመበለቲቱ ሞትን መቀበል አላስተማራትም። ቃሬዛውን ነካ፤ ያንኑ ልጇን፣ ሌላ ሳይሆን ያንኑ፣ ለእናቱ ሰጣት።

በጽሞና ሰዓታችን ዝም የምንለው የሚናገረን ስላለ ነው። ዕረፍት ፍለጋ ተመስጦ የጀመራችሁ ወዳጆቻችን፣ ዛሬ ማታ ትንፋሻችሁን ከመቁጠራችሁ በፊት ሉቃስ 7ን ቀስ ብላችሁ አንብቡት።