የሚጎተተው ቦታ ይጠንክር



ነሐሴ ሲጋመስ በየቤታችን የሚነሣው ጉዳይ የታወቀ ነው። የምዝገባው ገንዘብ፣ ዩኒፎርሙ፣ ደብተሩ፣ ጫማው፣ በመጨረሻም ቦርሳው። የዘመን መለወጫውም ወጪ በዚያው ላይ ይደረባል። ሌላ ጊዜ በሳቅ የሚታለፍ ነገር በዚህ ሰሞን ባልና ሚስትን ያኳርፋል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ በመስከረም የተገዛው ቦርሳ ለገና እንኳ ሳይደርስ ማንገቻው ተበጥሶ ልጁ እንደ ዘንቢል በእጁ አንጠልጥሎት ሲመጣ ነው።

እስቲ የተበጠሰውን ቦርሳ ከመጣላችሁ በፊት አገላብጣችሁ ተመልከቱት። ጨርቁ ብዙውን ጊዜ ደኅና ነው። የለቀቀው ማንገቻው ከጀርባው ጋር የተያያዘበት ቦታ፣ የታችኛው ማዕዘን ወይም የዚፑ ጫፍ ነው። ሸክሙ የሚጎተተው እዚያ ላይ ነውና። ስለዚህ ጠንካራ ቦርሳ በቤት ለመስፋት ውድ ጨርቅ አያስፈልገንም፤ የሚጎተተውን ቦታ ለይቶ ማጠንከር ይበቃል።

ይህን ምሥጢር በሥራ ያሳየ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ጄኮብ ዴቪስ ይባላል፤ የሚኖረውም በአሜሪካ፣ ኔቫዳ ግዛት፣ ሪኖ በምትባል ከተማ ነበር። የአንድ የጉልበት ሠራተኛ ሚስት ለባሏ ቶሎ የማይቀደድ ሱሪ እንዲሰፋላት ጠየቀችው። እርሱም የኪሶቹን ማዕዘን በትንንሽ የመዳብ ብሎን መሰል ማያያዣዎች መትቶ አጠበቀላት። ጨርቅ ያቀርብለት ከነበረው ከሌቪ ስትራውስ ጋር ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1873 ለዚህ ሥራው የፈጠራ መብት አገኘ። ዛሬ ጂንስ የምንለው ሱሪ መነሻው ይህ ነው። እኛም ቦርሳችንን የምንሰፋው ከዚያው ከአሮጌ ጂንስ ነው።

በቅድሚያ የሚያስፈልገውን እናዘጋጅ። ሁለት አሮጌ የጂንስ ሱሪዎች፣ ወይም የካኪና የሸራ ቁርጥራጭ፤ ለገበር አሮጌ አንሶላ፤ በደንብ የታጠበ የሩዝ ወይም የስኳር ማዳበሪያ፤ የፖሊስተር ክር፤ 16 ቁጥር የመኪና መርፌ፤ ከአሮጌ ካፖርት የተፈቱ ሁለት ትልልቅ ቁልፎች። ጂንሱ ጉልበቱና መቀመጫው ላይ ስለሚሳሳ እርሱን ተዉት፤ ከጉልበት በታች ያለው ክፍል ብዙውን ጊዜ አልተጎዳም።

ዋናው ክፍል ወርዱ 33፣ ርዝመቱ 120 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ረጅም ጨርቅ ነው። ከአንዱ ጫፍ ጀምራችሁ 2 ለጠርዝ እጥፋት፣ 38 ለፊቱ፣ 10 ለወለሉ፣ 38 ለጀርባው፣ 30 ለክዳኑ፣ የመጨረሻውን 2 ደግሞ እንደገና ለእጥፋት በደረቅ ሳሙና ምልክት አድርጉበት። ረጅም ጨርቅ ካልተገኘ ጀርባውና ክዳኑ በሚገናኙበት ላይ ቀጥሉት፤ ለመጋጠሚያው 3 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። ወለሉ ላይ ግን ቅጥል አይኑር። ለሁለቱ ጎኖች ወርዱ 13፣ ቁመቱ 41 ተኩል የሆነ ሁለት ቁራጭ ቁረጡ። ለማንገቻ ወርዳቸው 12፣ ርዝመታቸው 70 የሆነ ሁለት ቁራጮች ይበቃሉ፤ እነርሱን አራት እጥፍ አጥፋችሁ፣ በካውያ ተጭናችሁ፣ ግራና ቀኙን ስፉ። 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠንካራ ማንገቻ ይወጣችኋል።

አሁን ዋናውን ክፍል በግልባጩ ዘርጉት። በጀርባውና በወለሉ ላይ ማዳበሪያውን፣ በላዩ ገበሩን አንጥፋችሁ በረጃጅም ስፌት አያይዙት፤ ከዚህ በኋላ እንደ አንድ ጨርቅ ይቆጠራል። ከጀርባው ላይኛና ታችኛ ክፍል ከውስጥ በኩል፣ ከዳር እስከ ዳር የሚደርስ 8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጂንስ መደገፊያ ጨምሩ። የማንገቻዎቹ ጫፎች የሚሰፉት በዚህ መደገፊያ ላይ ነው። ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ በአራት ማዕዘን ዙሪያውን ስፉ፤ ከዚያም መካከሉን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በመስቀለኛ አቋርጡት። እንዲህ ሲሆን ሸክሙ በአንድ መስመር ክር ላይ አይንጠለጠልም፤ ለጠቅላላው ጀርባ ይከፋፈላል።

ኪስ የምትጨምሩ ከሆነ ጎኖቹ ሳይገጠሙ በፊት ፊቱ ላይ ስፉት። ጠርዞቹን አጥፋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ጎኖቹን በ1 ተኩል ሳንቲ ሜትር ትርፍ ግጠሙ። ማዕዘኑ እንዲዞርላችሁ ዋናውን ጨርቅ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል በመቀስ ሰንጠቅ አድርጉት። ስፌቱን ሁለት ጊዜ ደጋግሙት፤ በጀመራችሁበትና በጨረሳችሁበት ወደ ኋላ መልሳችሁ አጥብቁ። የውስጡን ጠርዝ በቀጭን ጨርቅ ጠቅልሉት። ቁልፎቹንና ማያዣዎቻቸውን ስትሰፉ ሥራው አለቀ።

መኪና የሌላችሁ ቈርጣችሁ፣ በስፒል አያይዛችሁ ለሰፈራችሁ ልብስ ሰፊ ውሰዱት። በእጅ የምትሰፉም ክሩን ድርብ አድርጉና እያንዳንዱን ስፌት ግማሽ ወደ ኋላ እየመለሳችሁ ስፉ።

ለልጁ ከመሰጠቱ በፊት ይፈተን። መጻሕፍት ሞልታችሁ በአንዱ ማንገቻ ብቻ አንሡና ነቅነቅ አድርጉት። የላላ ክር ካለ አሁን ይታያል። ሞልቶ ማሸከም ግን ለፈተና ብቻ ይሁን። ልጅ የሚሸከመው ከሰውነቱ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ባይበልጥ መልካም ነው፤ 25 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ2 ኪሎ ተኩል እስከ 4 ኪሎ የማይሞላ ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጆቻችን በጓደኞቻቸው ፊት እንዳያፍሩ ይፈራሉ። ይህን ፍርሃት በቁጣ አንመልሰው። የኪሱን ቀለም፣ የቁልፉን ዓይነት ልጁ ራሱ ይምረጥ። አባትም ጨርቅ በመለካትና በመቁረጥ ይግባበት፤ ስፌት የእናት ብቻ ነው ያለው ማን ነው? አባቱ የለካውን፣ እናቱ የሰፋችውን፣ ራሱ የመረጠውን ቦርሳ የሚይዝ ልጅ የሚያፍርበት ምክንያት ያንሳል።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ላይ ጣቢታ ስትሞት መበለቶቹ ለጴጥሮስ ያሳዩት እጇ የሠራቸውን ልብሶች ነበር። ፍቅሯ በስፌቷ ይታይ ነበር።

ትዳርም ቢሆን የሚላላው ብዙውን ጊዜ ሸክም በሚጎተትበት ቦታ ነው፤ የመስከረም ወጪ አንዱ ነው። እንግዲህ በዚህ ክረምት አንድ ምሽት ቁርጥራጩን በመካከላችሁ ዘርጉና ሁለታችሁም መቀስና ሜትር ያዙ። ስለ ወጪውም እየሰፋችሁ ተነጋገሩ። ቦርሳውም ንግግሩም ዓመቱን ሙሉ ያገለግላችኋል።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።