አክሲዮን ዕቁብም ሎተሪም አይደለም

ኢትዮ ቴሌኮም ከጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን፣ እያንዳንዱን በ300 ብር፣ ለሕዝብ ባቀረበ ጊዜ እዚህ ቶንጎ የሰማሁት ወሬ ሁለት ዓይነት ነበር፡፡ አንደኛው «ይህ የአዲስ አበባ ሰዎች ጉዳይ ነው» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «እገሌ ገዝቷልና እኔስ ለምን ይቅርብኝ» የሚል ነው፡፡ እኔ በበኩሌ ሁለቱም ሳይመረመሩ የተነገሩ ናቸው እላለሁ፡፡

አክሲዮን መግዛት ማለት የአንድ ድርጅት ባለድርሻ መሆን ነው፡፡ ድርጅቱ ሲያተርፍ፣ ጉባኤውም ትርፉ ይከፋፈል ብሎ ሲወስን ገንዘብ ይደርሳል፤ ሲከስር ግን የሚደርስ የለም፤ ልሽጥ ቢሉም ዋጋው ከተገዛበት ሊያንስ ይችላል፡፡ ዕቁብ የገባ ሰው ዕጣው በወጣለት ጊዜ ገንዘቡን ያነሣል፤ አክሲዮን እንዲህ ያለ ተራ የለውም፡፡ ሎተሪም ዕድል ብቻ ነው፤ የድርጅት ሒሳብ ግን ይነበባል፡፡ በክልላችን ወርቅ የሚያወጣ ሰው ይህን ለመረዳት ከማንም ይቀርባል፤ ጉድጓዱ ባዶ ሊሆን እንደሚችል እያወቀ ይቆፍራልና፡፡ እርሱም ቢሆን የልጆቹን እህል ሸጦ አካፋ አይገዛም!

ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ይኸውም 9,900 ብር ነበር፡፡ ይህ ለአንዱ አባት ትርፍ ገንዘብ ነው፤ ለሌላው ግን የልጆች ደብተርና የክረምት ቀለብ ነው፡፡ ሁለተኛውን አባት «አይግዙ» እለዋለሁ፤ በቸገረው ዕለት ገዢ ቶሎ ላያገኝ ይችላልና፡፡ የመጀመሪያው ደግሞ ብሩን በሣጥን ስለ ቆለፈበት ከአደጋ የዳነ አይምሰለው፤ ዕቃ በተወደደ ቁጥር የሣጥኑ ብር የሚገዛው እያነሰ ይሄዳል፡፡

ሽያጩ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ሲዘጋ የተሸጠው ወደ 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ስለ ነበረ «ከሸፈ» ያሉ ብዙ ናቸው፡፡ ከ47 ሺህ በላይ ገዢ መገኘቱን ግን እኔ እንደ ቀላል ነገር አላየውም፡፡ የሽማግሌዎቻችንም ፍርሃት ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በአዲስ አበባ የአክሲዮን ግብይት ነበረ፤ በ1967 ዓ.ም. መንግሥት ባንኮችንና ፋብሪካዎችን ሲወርስ ነገሩ ተቋረጠ፡፡ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ የተከፈተው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ፡፡

እንግዲህ የሒሳብ መምህሮቻችን የአንድ ባንክ ዓመታዊ መግለጫ ወደ ክፍል አምጥተው፣ ትርፉ ከየት እንደ መጣ፣ ዕዳውም ስንት እንደ ሆነ ከእኛ ጋር ቢያነቡልን እለምናለሁ፡፡ መቶኛ ማስላት ተምረናል፤ እስካሁን ያሰላነው ግን የፍየልና የብርቱካን ብቻ ነው፡፡ ወላጆችም በዚያ ቀን ቢመጡ አግዳሚ ወንበር አይጠፋም፡፡