ለራስ ምታት ሁሉ ክኒን?

በልጅነቴ በቤታችን በወር አንዴ ሁለቴ የሚመጣ አንድ ቀን ነበር። እናቴ ራሷን በሻሽ ጥብቅ አድርጋ ታስርና ጋደም ትላለች። መስኮቱ ይዘጋል፤ መጋረጃው ይወርዳል። እኛ ልጆች «ዝም በሉ፤ እናታችሁን ራሷን አሟታል» ተብለን ወደ ደጅ እንወጣለን። የሽንኩርት ቁሌት ሽታ እንኳ ያስመልሳት ነበር። በማግስቱ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ተነስታ ምጣዷን ትጥዳለች። ጎረቤቱ ለዚህ ሕመም የየራሱን ስም ያወጣለታል። አንዷ «ዓይን ነው» ትላለች፤ ሌላዋ «ጅን ነው» ትላለች፤ ከዘመድ መካከልም «ሥራ ሲበዛ ነው የሚነሳባት» ብሎ የሚያሽሟጥጥ አልጠፋም። እሷም መልስ ሳትሰጥ ከራስጌዋ የማይጠፋውን ክኒን አንስታ ትውጣለች። ዛሬ ያ ሕመም ማይግሬን እንደሚባል አውቃለሁ።

በዚህ ጽሑፍ ላነሳ የፈለግሁት ሐሳብ አጭር ነው። ራስ ምታትና የአንገት መወጠር ያለበትን ሰው የምንረዳበት መንገድ ሁለት ብቻ ሆኖብናል፤ ወይ ሕመሙን እንንቃለን፣ ወይ ክኒን እናቀብላለን። በሁለቱ መካከል ግን ሳንጠቀምበት የቀረ ሰፊ ቦታ አለ። እርሱም እጃችን፣ ሙቅ ውኃ፣ እንቅልፍና የዕለት ልማዳችን ነው።

ራስ ምታት ሁሉ አንድ አይደለም

የራስ ምታት ዓይነቱ ብዙ ቢሆንም በብዛት የሚታዩት ሁለት ናቸው። አንደኛው የውጥረት ራስ ምታት ነው። ራስን ዙሪያውን በገመድ እንደታሰረ ያህል ያጨናንቃል፤ ከሁለቱም ወገን ይጫናል፤ ብዙ ጊዜም ከአንገትና ከትከሻ መወጠር ጋር አብሮ ይመጣል። ሁለተኛው ማይግሬን ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወገን ያለውን ራስ እንደ ልብ ትርታ እየመታ ያማል። ሕክምና ካላገኘ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ያቅለሸልሻል፤ ብርሃንና ድምፅ ያስጠላል፤ ደረጃ መውጣት እንኳ ያብሰዋል። ዓረብኛው «ሸቂቃ» የሚለውም ይህንኑ ግማሽ ራስን ለይቶ የሚይዝ ሕመም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሞ የወጣ፣ በአገራችን ጎልማሶች ላይ የተደረገ ጥናት በአንድ ዓመት ውስጥ ማይግሬን ያገኛቸው ሰዎች ከመቶ 18 ገደማ መሆናቸውን አሳይቷል። በዓለም ዙሪያም ሕመሙ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበረታል። እንግዲህ በመስጂዳችን በሴቶች ሶፍ ጎን ለጎን ከቆሙ 20 እናቶችና እህቶች መካከል ሦስት አራቱ ይህን ሕመም ያውቁታል ብንል ማጋነን አይሆንም።

የእነዚህ ሰዎች መታመም የኢማን ጉድለትም ሆነ የሥራ ጥላቻ አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው በኢሕራም ላይ ሳሉ በሸቂቃ ሕመም ምክንያት በራሳቸው ላይ ዋግምት (ሒጃማ) እንደተደረገላቸው ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) ማስተላለፋቸው በሰሒሕ አል-ቡኻሪ ተመዝግቧል። እርሳቸው ራስ ምታትን ታክመውት ሳለ እኛ የሚስታችንን ወይም የእናታችንን ሕመም «ልማዷ ነው» ብለን ማለፋችን አግባብ አይመስለኝም። ዱዓእና ሩቅያ ማድረግም ሕክምናን አይከለክልም፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

አንገትን ከራስ ምን አገናኘው?

የአዋቂ ሰው ራስ 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ይህን ሸክም ቀኑን ሙሉ የሚይዙት የአንገትና የትከሻ ጡንቻዎች ናቸው። አንገታችንን ወደፊት በደፋን ቁጥር ሸክሙ ይከብዳቸዋል። በመኪናው ላይ አቀርቅሮ የሚውለውን ልብስ ሰፊ፣ ቀኑን ሙሉ መሪ የጨበጠውን ሹፌር፣ ልጅ አዝላ ጀሪካን የምታነሳውን እናት፣ እንዲሁም ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ድረስ በሞባይሉ ላይ የተደፋውን ወጣት አስቡ። የሁሉም ትከሻ ሲነካ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነው።

ከላይኛው አንገት የሚነሱት ነርቮችና የፊትና የግንባር ስሜት የሚያመጣው ነርቭ መልእክታቸውን የሚያደርሱት በአንጎል ግንድ አካባቢ ወዳለ አንድ ቦታ ነው። ስለዚህ አንገት ላይ የተነሳ ሕመም ከዓይን ጀርባ ወይም ግንባር ላይ ሊሰማ ይችላል፤ ማይግሬንም ሲጀምር አንገትን ሊይዝ ይችላል። እዚህ ላይ ግልጽ እንሁን። አንገትን ማሸት ማይግሬንን ከሥሩ ይነቅላል የሚል ሰው ካለ አትመኑት። እ.ኤ.አ. በ2006 በኒው ዚላንድ ተመራማሪዎች በ47 ሰዎች ላይ የታተመ አነስተኛ ጥናት፣ የታሹት ሰዎች ማይግሬኑ የሚመላለስባቸው ቁጥር መቀነሱንና እንቅልፋቸው መሻሻሉን አሳይቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ወጪ ለማይጠይቅና በአግባቡ ከተደረገ ጉዳቱ እምብዛም ለሆነ ነገር መልካም ፍንጭ ነው።

ክኒኑ ራሱ ሲያሳምም

ክኒን ጠላት አይደለም። ማይግሬን ሲጀምር በጊዜው የተወሰደ ማስታገሻ ብዙ ሰው ይረዳል። ችግሩ የሚመጣው ክኒኑ የዕለት ቀለብ ሲሆን ነው። ፓራሲታሞል፣ አስፕሪን፣ ኢቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፈናክ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ እንደ ትራማዶል ያሉት ደግሞ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ ከሦስት ወር በላይ ሲወሰዱ ራሳቸው የራስ ምታት መነሻ ይሆናሉ። ሰውየው ራሱን ስላመመው ይውጣል፤ ስለሚውጥም ያመዋል። በዚህ ላይ ከፓራሲታሞል በቀር ከላይ የጠቀስናቸው ተራ ማስታገሻዎች ጨጓራን ይጎዳሉ፤ ኩላሊትንም ሊጎዱ ይችላሉ።

ስለዚህ አንድ ቀላል ሥራ ልስጣችሁ። በግድግዳችሁ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ክኒን የዋጣችሁበትን ቀን ሁሉ ምልክት አድርጉበት። በወሩ መጨረሻ ቁጥሩን እዩት፤ ከበዛ ይዛችሁት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። በወር አራት ቀንና ከዚያ በላይ ማይግሬን የሚመላለስበት ሰው ሕመሙ ከመምጣቱ በፊት የሚከላከል መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችላል። ብዙዎቻችን እንዲህ ያለ ሕክምና መኖሩን እንኳ ሳናውቅ ማስታገሻ ስንውጥ እንኖራለን።

በቤት ውስጥ እንዴት እንታሽ?

በመጀመሪያ ፎጣ በሙቅ ውኃ ነክራችሁ ጨምቁና ለ10 ደቂቃ ያህል ከአንገት ጀርባና ከትከሻ ላይ አድርጉት። ውኃው የሚያቃጥል አይሁን። ከዚያ እጃችሁን በጥቂት የሰሊጥ ወይም የወይራ ዘይት አሙቁ።

ቀኝ እጃችሁን በግራ ትከሻችሁ ላይ ጣሉና በአንገትና በትከሻ መካከል ያለውን ወፍራም ጡንቻ ቀስ እያላችሁ ጨብጡ፤ ልቀቁ። በሌላውም ወገን እንዲሁ አድርጉ። ቀጥሎ የሁለት እጆቻችሁን አውራ ጣቶች የራስ ቅል ከአንገት ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ከመሐል አጥንቱ ግራና ቀኝ ባሉት ጎድጓዳ ሥፍራዎች ላይ አድርጉ። አሥር እስክትቆጥሩ ድረስ በመጠኑ ተጫኑና በትንንሽ ክብ አሹ። በመጨረሻም በጣቶቻችሁ ጫፍ ጆሮ ግንዳችሁን፣ የመንጋጋችሁን መጋጠሚያና ግንባራችሁን በለስላሳው አሹ። ሁሉም ተደምሮ ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። አጫጫኑ «ኧህ፣ እዚያ ላይ ነው» የሚያሰኝ እንጂ ጥርስ የሚያስነክስ መሆን የለበትም።

ይህ ሁሉ የሚጠቅመው በየቀኑ ወይም አንድ ቀን እየዘለሉ ሲያደርጉት ነው። ማይግሬኑ ከበረታ በኋላ የአንዳንድ ሰው የራስ ቆዳ መነካት እንኳ አይችልም። ያን ጊዜ ማሸቱን ትቶ በጨለማ ክፍል መተኛትና ግንባር ላይ ቀዝቃዛ ጨርቅ ማድረግ ይሻላል። ራስን በሻሽ ማሰር ለጥቂት ጊዜ የሚያሳርፈው ሰው አለ፤ ነገር ግን ሻሽን ወይም ሒጃብን ቀኑን ሙሉ አጥብቆ ማሰር ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣ ስለሚችል ላላ አድርጉት።

አንገት አይጠመዘዝም

አንገታቸውን ሲያማቸው «ቋ!» እስኪል እንዲጠመዘዝላቸው ወደ ወጌሻ የሚሄዱ አሉ። ከጸጉር ቤት ወንበር ላይ እንዳሉ ይህንኑ የሚያስደርጉም አይተናል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። በአንገት በኩል ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ ሥሮች ያልፋሉ። አንገት በድንገት ሲጠመዘዝ አልፎ አልፎ የደም ሥሩ ግድግዳ ተሰንጥቆ ሰውን ለስትሮክ የሚዳርግበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ጡንቻ ይታሻል እንጂ አንገት አይቀጭም። በአንገት ፊት ለፊት፣ የደም ትርታ በሚሰማበት ቦታም አትጫኑ። ቁስል፣ ትኩሳት ወይም የአንገት አደጋ ያለበት ሰው፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድና ነፍሰ ጡር የሆነች እህትም አስቀድመው ሐኪም ይጠይቁ።

ረመዳን፣ ቡናና እንቅልፍ

ረመዳን ሲገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራሳችንን የሚያመን ብዙዎች ነን። አንዱ ምክንያት ቡና ነው። በቀን ሦስት አራት ሲኒ የለመደ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን ሊያመው ይችላል። መፍትሔው በሸዕባን ወር ሲኒውን ቀስ በቀስ መቀነስ ነው። ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ውኃን በየመሐሉ መጠጣት፣ ሱሑርን አለመዝለልና የእንቅልፍ ሰዓትን በተቻለ መጠን አለማዛባትም ይረዳል። እያመረቀነ ሌሊቱን የሚያነጋ ጫት ቃሚም በማግስቱ ለሚሰማው ራስ ምታት ሌላ ምክንያት ባይፈልግ ጥሩ ነው። ማይግሬኑ የሚጸናበት ሰው ስለ ጾሙ ሐኪሙንና የሚያምነውን ዓሊም አማክሮ ይወስን፤ ዲናችን ለታመመ ሰው ሩኽሳ ሰጥቷል።

ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት

የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ ማሸትም ሆነ ማስታገሻ ጊዜ ማባከን ነው፦ በቅጽበት የመጣና ከዚህ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ከባድ ራስ ምታት፤ ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር የመጣ ሕመም፤ የእጅ ወይም የእግር መስነፍ፣ የአንደበት መተሳሰር፣ የዓይን መጋረድ፤ ራስ ከተመታ በኋላ የጀመረ ሕመም፤ ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ አዲስ ራስ ምታት፤ በነፍሰ ጡር ወይም በአራስ እናት ላይ የሚታይ ብርቱ ራስ ምታት።

ውድ አንባቢያን! እናቴ በዕድሜዋ የዋጠቻቸውን ክኒኖች የቆጠራቸው የለም። ጨጓራዋ ግን ቆጥሯቸው ነበር። ካደግሁ በኋላ ማታ ማታ ከዒሻእ ሶላት በኋላ ዘይት አሙቄ ትከሻዋን ማሸት ጀመርኩ። ማይግሬኑ አልጠፋም። ሆኖም በመካከሉ ያለው ጊዜ እየረዘመ መጣ፤ ክኒኑም ቀነሰ። ከሁሉ በላይ ግን በዚያች አሥር ደቂቃ ውስጥ ሕመሟን ለመጀመሪያ ጊዜ አፍ አውጥታ ነገረችኝ። ባል ለሚስቱ፣ ልጅ ለእናቷ፣ እህት ለእህቷ ይህችን አሥር ደቂቃ አያጣም። እስቲ ዛሬ ማታ በቤታችሁ ራሷን በሻሽ ያሰረችውን ሰው «የት ላይ ነው የሚያምሽ?» ብላችሁ ጠይቋት።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይላክልን። አሚን!