መደገፊያውን አትንቀሉት

አሮጌ ፎቅ ቤት የገዛ ወይም የወረሰ ሰው እድሳት ሲያስብ ቶሎ የሚፈርድበት የደረጃው መደገፊያ ነው። ጠቁሯል፣ ቫርኒሹ ተላልጧል፣ እጅ ሲያርፍበት ይጣበቃል። «ይነቀልና በስቴንለስ ይቀየር» ይባላል። ብየዳ ቤቱ ቅርብ ነው፤ ስቴንለሱም ያብረቀርቃል። ፎቅ ሁሉ የባንክ ቅርንጫፍ እንዲመስል የምንቸኩለው ለምን እንደሆነ ግን አይገባኝም።

ያ ጥቁረት አብዛኛውን ጊዜ የእንጨቱ አይደለም። ዓመታት ያከማቹት የእጅ ወዝ፣ አቧራና ያረጀ ቫርኒሽ ነው። እኛ ቤት የመጣው አናጢ ከመደገፊያው በታች በኩል፣ ማንም ከማያየው ቦታ፣ በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርጎ አሳየኝ። ከሥሩ ወርቅማ ቡኒ ብቅ አለ።

«ዋንዛ ነው እኮ ጋሼ! ዛሬ ይሄን ከየት ያመጡታል?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ከበሮና ሙቀጫ ሲሠራበት የኖረው ዋንዛ ከዝግባ፣ ከጥድና ከኮሶ ጋር ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጥ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከልክሎ ነበር። እኛ ደግሞ ያለንን ነቅለን ለማገዶ እንሰጣለን። ብልጦቹ የፈረሰ ቤት እንጨት እያሳደዱ ይገዛሉ።

ሥራው ትዕግሥት እንጂ ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም። አስቀድሞ በሞቀ ውሃና በሳሙና ወዙን ማጠብ ነው። ቀጥሎ ጨርቅ በአልኮል ነክሮ አንድ ጥግ ላይ ማሸት። ሽፋኑ ከለሰለሰና ከተጣበቀ ጥንታዊው የላክ ቅብ ነው ማለት ነው፤ እሱን በአልኮል እያራሱ መጥረግ ይበቃል። ካልተበገረ የቀለም ማስለቀቂያ ወይም ብርጭቆ ወረቀት ያስፈልጋል። በ80 ቁጥር ተጀምሮ በ120 አልፎ በ180 ይጨረሳል፤ ሁልጊዜም የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ። ጭረቱን አቋርጦ የፈተገ ሰው ጥፋቱን የሚያየው ቫርኒሹ ሲቀባ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ እንደገና መጀመር ነው።

አስቸጋሪዎቹ በቶርኖ የወጡት ቋሚዎች ናቸው። ለእነሱ ብርጭቆ ወረቀቱን በቀጭኑ ቆርጦ፣ ሊስትሮ ጫማ ሲያብረቀርቅ ጨርቁን እንደሚስበው፣ ወዲያና ወዲህ መሳብ ነው። ወገብ ይቆርጣል። ልጆች ካሉ አንዳንድ ቋሚ ይሰጣቸው እል ነበር፤ ግን መደገፊያው በዘይት ቀለም የተቀባ ከሆነ ልጆቹን ከቤት አርቋቸው። በድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል። በአገራችን በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባውን ሁሉ መጠርጠር ይበጃል። እንዲህ ያለውን ቀለም በደረቁ አትፈትጉት፤ እያረጠባችሁ ፋቁት፣ አፍና አፍንጫችሁንም በደህና ጭምብል ሸፍኑ።

ምስጥ የጨረሰውን ወይም የሚወዛወዘውንም ተሸከሙት አልልም። ሲይዙት የሚነቃነቅ መደገፊያ ሰው ይጥላል፤ የተበላውን ክፍል ብቻ ቆርጦ በሌላ የሚተካ አናጢ ግን አይጠፋም። ሕፃን የሚያሾልክ ክፍተት ካለም በመካከሉ ቋሚ መጨመር ነው፤ ሁሉንም ለመንቀል ምክንያት አይሆንም።

ለማጠናቀቂያው ቫርኒሹን ሳሳ አድርጎ ደጋግሞ መቀባት አንድ ጊዜ አወፍሮ ከመቀባት ይሻላል። እያንዳንዱ ቅብ በደንብ ሳይደርቅ ሌላ አይጨመርበትም። እኔ በበኩሌ ለእንጨት የተዘጋጀ የተልባ ዘይት እመርጣለሁ፤ እንደ መስታወት አያብለጨልጭም፣ ሲጫር ደግሞ ያችኑ ቦታ ብቻ መልሶ መቀባት ይቻላል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ዘይቱን የቀባችሁበትን ጨርቅ ጨምድዳችሁ ጥግ አትወርውሩት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተጨማደደ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ ታምቆ ያለ ክብሪት እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ያለበት ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱት።