ዜና አንባቢ በሚያነበው ላይ ሥልጣን ይኑረው

ዜና አንባቢ ሲመረጥ ከፈታኞቹ ጋር ተቀምጬ አውቃለሁ። ድምፅ ይሰማል፣ መልክ ይታያል፣ የንባብ ፍሰት ይመዘናል። «ያልተረጋገጠ ዜና ቢሰጥሽ ምን ታደርጊያለሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን አልገጠመኝም።

በአሜሪካው ሲቢኤስ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1981 የማታውን ዜና ያቀረበው ዋልተር ክሮንካይት ይህን ጥያቄ በሥራው መልሶታል። ሰውየው ከቴሌቪዥን በፊት ለዩናይትድ ፕሬስ የዜና ወኪል ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ዘግቧል፤ የኑረምበርግን ችሎትም ተከታትሏል። ዜና ወኪል ቤት በደቂቃ መቀዳደም ያለበት ነውና፣ የመቅደምን ጥቅም ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

ኖቬምበር 22 ቀን 1963 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዳላስ ላይ በጥይት ተመቱ። የስቱዲዮው ካሜራ እስኪሞቅ ድረስ ተመልካቹ የሰማው የክሮንካይትን ድምፅ ብቻ ነበር። ባልደረባው ዳን ራዘር ከዳላስ ፕሬዚዳንቱ ሞተዋል የሚል መረጃ አቀበለ፤ የዚያው የሲቢኤስ ሬዲዮም ሞታቸውን ቀድሞ አወጀ። ክሮንካይት ወሬውን አልደበቀም። ከማን እንደተገኘ እየጠቀሰ፣ ይፋዊ ማረጋገጫ እንደሌለ ለተመልካቹ ተናገረ። በመጨረሻ የዜና ወኪሉ ወረቀት እጁ ገባ። መነጽሩን አድርጎ አነበበ፣ አወለቀና ቀና ብሎ ሰዓቱን አየ። ፕሬዚዳንቱ ካረፉ 38 ደቂቃ ያህል ሆኗቸዋል። ድምፁ ተያዘ፤ እንደምንም ዋጥ አድርጎ ቀጠለ።

ሰው ሁሉ የሚያነሳው የክሮንካይትን ሐዘን ነው። እኔ የማደንቀው ከዚያ በፊት የታገሠውን ነው። ለመታገሥ ደግሞ ሥልጣን ነበረው፤ የዜናው ማኔጂንግ ኤዲተር እሱ ራሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ከቬትናም ተመልሶ ጦርነቱ ማሸነፊያ እንዳጣ ሲናገርም፣ የግሉ አስተያየት መሆኑን ለይቶ ነው።

እኛ ዘንድ ማይክ የተሰካላት ልጅ ጽሑፉን የምታየው አየር ላይ ልትወጣ ስትል ነው። የተሳሳተ የቦታ ስም አግኝታ ስትጠይቅ «እንደተጻፈው አንብቢ» ስትባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በማግሥቱ ስድቡ ያረፈው እሷ ላይ ነው፤ የጻፈውን ሰው ማን ያውቀዋል?

ስለዚህ ጽሑፉ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት እጇ ይግባ። ምንጩን የመጠየቅና ያልተረጋገጠውን የማስቆም መብቷም በቅጥር ውሏ ይስፈር። ኤዲተሮች ሥልጣናችን ተነካ ይሉ ይሆናል። ይበሉ፤ ስሕተቱ ከወጣ በኋላ ካሜራ ፊት ቀርባ ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ ናት።